ለወልደ ሰንበት ነፍስ

ሬሳውን ሰኞ ጠዋት ያገኙት እንጨት ለቃሚ ሴቶች ናቸው። ከአፍንጮ በር ቁልቁል፣ ወንዙ በሚጠማዘዝበት ጢሻ ውስጥ የድንጋይ ክምር አዩ። ሰው ዕቃ የደበቀ መስሏቸው ከላይ ያለውን ሲያነሡ የሰው እግር ብቅ አለ። ያን ጊዜ የለቀሙትን እንጨት ጥለው ያሰሙት ጩኸት አራዳ ገበያ ድረስ ተሰማ ይባላል። አራዳ እንኳን ተጮኾ፣ ሳይጮኽም ይሰማል።

ባሻ ገብረትንሣኤ ቁልቁለቱን የወረደው በከዘራው እየተደገፈ ነው። ሰው ሲገደል የሰፈሩ ዘበኛ ቤት የሚጠራው እሱን ነው። ጉልበቱ ከታመመ ከርሟል። ክረምቱ ሲወጣ ይሻለኛል ብሎ ነበር፤ ይኸው ጥቅምት ገብቶም አልተሻለውም። ማረፍ አምሮታል። ሰው ግን እሱ ይረፍ ብሎ መገዳደሉን አይተውም።

ዘበኞቹ ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሡ። ሟቹ ጎልማሳ ነው፤ ራሱ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል።

«ፈቀደ ነው!» አለ አንዱ ዘበኛ። «የእማማ የሺዓለም ልጅ! ቢሾፍቱ ወንድሙ ዘንድ ወርዷል ሲባል አልነበር እንዴ?»

ባሻ አጎንብሶ አየ። የሟቹ ዓይኖች ተከድነዋል። አገጩ በነጠላ ቅዳጅ ታስሯል። እጆቹ ደረቱ ላይ ተደርገው ሁለቱ አውራ ጣቶች በክር ተያይዘዋል። ቄስ የገነዘው እንጂ ሰው የገደለው አይመስልም። ድንጋዩም እንዲያው አልተከመረበትም፤ ትልልቁ ከዳር፣ ትንንሹ ከመሐል ሆኖ ክፍተት ሳይተው ተደርድሯል።

«ይህን ሁሉ ድንጋይ ለምን የደረደረው ይመስልሃል?» አለ ባሻ ዘበኛውን።

«እንዳይታይ ነዋ፣ ጌታዬ።»

«እንዳይታይ ቢፈልግ ለጅብ ይተወው ነበር። የአፍንጮ በር ጅብ እስኪነጋ አጥንት አያስተርፍም። ይህ ሰው የደከመው ጅብ እንዳይበላው ነው።»

ዘበኛው አማተበ። ባሻ ግን ሰው ገድሎ ለሬሳው የሚጨነቅ አይቶ አያውቅም።

ከቀትር በኋላ የሰፈሩ ሰው ለአውጫጭኝ ተጠራ። ወጉ ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቀመጥና ያየውንም የሰማውንም ይናገራል። ያላየውንም የሚናገር አይጠፋም።

«ረቡዕ ማታ ዘውዲ ጠጅ ቤት ተደባድቦ ነበር!» አለ አንዱ።

«ከማን ጋር?»

«ከኮርቻ ሰፊው ከአብርሃ ጋር!»

ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም የጠራ የለም። አብርሃ የአክሱም ልጅ ነው፤ አራዳ ብዙ ዘመን ቢኖርም አማርኛውን እስከ ዛሬ በትግርኛ ዜማ ይናገራል። ስሙ ቶሎ አፍ ውስጥ የገባው ለዚህም ጭምር ሳይሆን አይቀርም። ማታውኑ ተያዘ። በማግስቱ የሟቹ ታላቅ ወንድም ዘገዬ መርዶ ተልኮበት ከቢሾፍቱ ገባ። ገና ከለቅሶው ሳይጠግብ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሚቆራኙበት ሥርዓት፣ የእሱ ቀኝ እጅ ከአብርሃ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታሰረ።

«ዓርብ ችሎት ይቀርባሉ» አለ የዘበኛ ቤቱ ሹም። «ሰውየው እገልሃለሁ ብሏል፤ ሟቹም ሞቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ባሻ እስከ ዓርብ ያለውን ቀን በጣቱ ቆጠረ። ዓርብ ከተፈረደበት አብርሃ ለሟቹ ዘመዶች ተላልፎ ይሰጣል፤ እነሱም ደም በደም ይመልሳሉ። ያ ደግሞ ከተደረገ በኋላ ይቅርታ የሚባል ነገር አይሠራለትም።

ውቤ በረሃ በቀን ሲያዩት ያሳዝናል። ዘውዲ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅማለች።

«ዘውዲ፣ ረቡዕ ማታ የሆነውን እስቲ ንገሪኝ።»

«ምን ሆነ፣ ባሻዬ? ሁለት ሰካራም ተሰዳደበ። እሱ ብርቅ ከሆነብዎ በየማታው ብቅ ይበሉ።»

«ደም ፈሷል ይባላል።»

«የአብርሃ አፍንጫ ነው የደማው። ፈቀደ ነፍሱን ይማረውና ሲጠጣ አፉም እጁም አያርፍም ነበር። ቀድሞ መታው። አብርሃም ‹ሳልገልህ አልቀርም› አለ። እኔ ቤት ይህን ያላለ ወንድ ካለ ያሳዩኝና ባል ላድርገው።»

«ከዚያስ?»

«አብርሃን ሚስቱ መጥታ እየጎተተች ወሰደችው። ፈቀደ ብርሌውን ጨረሰና፣ ‹ነገ ቢሾፍቱ እወርዳለሁ፤ እኔም እንደ ወንድሜ የፈረንጅ ወፍ ጠባቂ እሆናለሁ› እያለ እየሳቀ ወጣ። ብቻውን ነበር።»

የፈረንጅ ወፍ ጠባቂ የተባለው ዘገዬ አስተርጓሚ ነው። ወፍ ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ፈረንጆች አሉ። እነሱን በባቡር ቢሾፍቱ ወስዶ ሰው ባሕር ከሚለው ሐይቅ ዳር ባለች ማረፊያ ቤት ያሳድራቸዋል፤ ጓዛቸውንም ይሸከምላቸዋል። አራዳ ይህን ሥራ አይቶ ሲያበቃ ስሙን ሰጠው።

ባሻ ከዘውዲ ቤት ወደ ዘበኛ ቤቱ ሲመለስ የአብርሃ ሚስት ዓለምጸሃይ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሆዷ ገፍቷል።

«ጌታዬ፣ ያን ሌሊት ከጎኔ አልተለየም» አለችው። «አፍንጫውን ሳጥብለት ነው የነጋው።»

«የሚስት ቃል አይሰማም እኮ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ሌሊት ከሚስቱ ጋር ያደረ ሰው ማንን ይጥራ?»

ባሻ በከዘራው በሩን ገፋ። ገባ። ሁለቱ ሰዎች አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ዘገዬ አንገቱን ደፍቷል።

«አንተ ረቡዕ የት ነበርህ?» ሲል ጠየቀው ባሻ፤ ጥያቄው ለወጉ ያህል ነው።

«ቢሾፍቱ፣ ባሻ። በጠዋቱ ባቡር ከእንግዶቼ ጋር ወረድሁ።»

«ፈቀደ እዚያ መጥቶ ነበር?»

«እኔ አላየሁትም። ባሕሩ ሰፊ ነው።»

አብርሃ በሰንሰለት ያልታሰረውን እጁን አነሣ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው ሊያስገድለኝ ነው፤ ግን ከናቱ ቤት የሚመጣለትን ምግብ በእጁ ያጎርሰኛል። ከታሰርን ጀምሮ ያለቅሳል፣ እኔንም አያሳርፈኝም። ምን ዓይነት ከሳሽ ነው የሰጣችሁኝ?»

ባሻ ሁለቱንም አያቸው። አስቀድሞ የያዘው አንድ ሐሳብ ነበረው፦ ፈቀደ ሐሙስ በሕይወቱ ቢሾፍቱ ታይቶ ከሆነ አብርሃ ነጻ ነው፤ ክሱ የቆመው በረቡዕ ሌሊቱ ጠብ ላይ ነዋ። ይህን የሚነግረው የማረፊያ ቤቱ ሰው ብቻ ነው። ሹሙ ቢያጉረመርምም በማግስቱ ባቡር ተሳፈረ። መንገዱን በሙሉ ጉልበቱን እያሸ ሄደ።

ማረፊያ ቤት ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከባሕሩ አፋፍ ላይ የቆሙ ጥቂት የጭቃ ጎጆዎች ናቸው። አልጋው የጠፍር ነው፣ ፍራሹ ገለባ፣ መጋረጃው ጆንያ። ባለቤቷ ወይዘሮ ትብለጽ ወፍራምና ቀልደኛ ሴት ናት፤ ባሻን ከነከዘራው ስታይ ሳቀች።

«እርስዎም ወፍ ሊያዩ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ?»

«ሰው አይቼ የጠገብሁ ነኝ። አንድ አልጋ ስጪኝ።»

ለእራት እንጀራ በሽሮ አቀረበችለት። ስለ እንግዶቿም ሳይጠየቅ አወራችው። «ሳይነጋ ይነሣሉ፣ ጌታዬ። ብርድ የለ፣ ጤዛ የለ። አንድ ዳክዬ አይተው እንደ ሠርግ ይደሰታሉ። አትበሏትም ወይ ስላቸው ይቆጡኛል። እኛስ ድሮም አንበላት፤ እነሱ ግን እየበሉ ያደጉ አይደሉ? ግራ የገባው ሕዝብ ነው።»

«የዘገዬ ወንድም ፈቀደ እዚህ መጥቶ ነበር?»

«እኔ ዘንድ ሳያልፍ ወደ ባሕሩ የሚወርድ የለም። አልመጣም።»

ባሻ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠ። የመጣበት ተስፋ በአንድ ቃል አለቀ። አብርሃን ያድንልኛል ያለው ሰው ጨርሶ እዚህ አልደረሰም።

«ዘገዬ ግን ምን ነካው?» አለች ትብለጽ ሳህኑን እያነሣች። «ባለፈው ረቡዕ ፈረንጆቹ ብቻቸውን ከባቡር ወረዱ። በምልክት ሳናግራቸው ዋልሁ። እሱ ሐሙስ ማታ በኪራይ በቅሎ ገባ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ። ‹ባቡር አመለጠኝ› አለ። ያን ማታ እህል አልቀመሰም።»

ባሻ ጠፍር አልጋው ላይ ጋደም ሲል ድካሙ ሁሉ ከአጥንቱ ወጣ፤ እንቅልፍ ግን አልመጣም፤ ቁንጫው መጣ። ዘገዬ ዋሽቷል። ቢሆንም ባቡር ያመለጠው ሰው ሁሉ ወንድሙን ገደለ አይባልም። እንግዶቹን ጥሎ ከአንዲት ሴት ጋር አድሮ እንደሆነስ? ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለውን ይደብቃል። በዚህ ብቻ ሹሙ ፊት ቢቀርብ ይስቅበታል።

ጎሕ ሲቀድ የወፍ ጫጫታ ከአልጋው አስነሣው። ውሃው እንደ ሰሌዳ ረግቷል፤ ዳክዬውና ይብራው በየመንጋው ተኝቶበታል። አንድ ነጭ ጢም ያለው ፈረንጅ ባርኔጣውን ደፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት ቱቦ ያለው መነጽር ዓይኑ ላይ ለጥፏል። ትብለጽ ሙሴ ወፉ ብላ ነው የምትጠራው። ሽማግሌው መነጽሩን ለባሻ ሰጠው። ባሻ ወደ ማዶ ቢያይበት ከባሕሩ ወዲያ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አፍንጫው ሥር መጣችና ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። ሽማግሌው ሳቀ።

«ዘገዬ እዚያ» አለ በሰባራ አማርኛ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ እያመለከተ። «ዓርብ። ቄስ መጽሐፍ ያነባል፣ ዘገዬ መሬት ላይ። ብዙ ያለቅሳል። እኔ ወፍ አያለሁ፣ ዘገዬ አያለሁ። ዛሬ በዓል ነው? እላለሁ። ዘገዬ ዝም።»

ባሻ መነጽሩን መለሰለት። ይህ ወሬ የት እንደሚያደርሰው ያኔ አላወቀም፤ እግሩ ግን ባሕሩን ዞሮ ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ መራው።

መምሬ ተክለሃይማኖት ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ጥላቸውን ይጠግናሉ።

«መምሬ፣ ዓርብ ዕለት አንድ ሰው እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር። የፈረንጆቹ አስተርጓሚ።»

«መጥቷል።»

«ምን ብሎ?»

«ንስሐ ከሆነ ብቆረጥም አልነግርዎትም፣ ባሻ።»

«ንስሐ ነበር?»

ቄሱ ጥላቸውን አስቀመጡ። «አልነበረም። ንስሐ ግባ ብዬው እምቢ አለ። ፍትሐት አድርጉልኝ ነው ያለው። ያለ ጸሎት የቀረ ሙት አለ አለኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ በግላጭ አደረግሁለት፤ እሱን መናገር አይከለከልም። ስሙን ጠየቅሁት፣ የክርስትናውን። ለሙት ጸሎት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም።»

«ማን አለ?»

«ወልደ ሰንበት።»

ባሻ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም። አመሰገነና ተነሣ። በመልሱ ባቡር ላይ አንድ ነጋዴ ስለ ዝናቡ ሊያጫውተው ሞከረና ተስፋ ቆረጠ። ባሻ በልቡ የሚለምነው አንድ ነገር ነበር፦ ወልደ ሰንበት የሌላ ሰው ስም በሆነ።

የእማማ የሺዓለም ግቢ ለቀስተኛ ሞልቶታል። ጎረቤት በየሞሰቡ እዝን እያመጣ ድንኳኑ ሥር ይደረድራል። ባሻ አሮጊቷን ወደ ጓዳ ነጠል አደረጋቸው።

«እማማ፣ የፈቀደ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ይህ ለሰው ሁሉ የሚነገር ስም አይደለም። «ወልደ ሰንበት። ከኔ፣ ከወንድሙና ከንስሐ አባቱ በቀር የሚያውቀው የለም። ለምን ፈለግኸው፣ ልጄ?»

«ቢሾፍቱ ባሕር ዳር አንድ ቄስ ፍትሐት አድርገውለታል።»

የአሮጊቷ ፊት ፈካ። ልጃቸው ከተገኘ ወዲህ ያን ፊት እንዲህ ያየው ሰው የለም። «ጸሎት ደርሶት ነበር? እኔ እኮ ልጄ ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ጢሻ ውስጥ ሰነበተ እያልሁ ነው የምቃጠለው! ማን አሰበልኝ? ማንም ይሁን፣ እግዚአብሔር ክፉ አያሳየው።»

አሜን ማለት ሲገባው ባሻ አሜን ሊል አልቻለም። ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

ዘበኛ ቤት ሲደርስ ሁለቱ እንደ ተዋቸው ተቀምጠዋል። አንድ በርጩማ ስቦ ከፊታቸው ተቀመጠ።

«መምሬ ተክለሃይማኖትን አገኘኋቸው፣ ዘገዬ።»

ሰንሰለቱ ኮሽ አለ።

«ዓርብ ዕለት ለወልደ ሰንበት ነፍስ ፍትሐት አስደርገሃል። የወንድምህ ሬሳ የተገኘው ሰኞ ነው። ዓርብ ዕለት መሞቱን ማን አረዳህ?»

አብርሃ ቀስ ብሎ ፊቱን ወደሱ አዞረ።

«ገፋሁት፣ ባሻ» አለ ዘገዬ። «ረቡዕ ጠዋት የእንግዶቹ ጓዝ ተረስቶ ሳመጣ ባቡሩ ሄደ። ለነጋታው በቅሎ ልከራይ አራዳ ዋልሁ። ሲመሽ ዘውዲ ቤት ተደባደበ ሲሉኝ ቤቱ ላደርሰው ሄድሁ። መንገድ ላይ አገኘሁት፤ አፍንጮ በር ድረስ ደግፌ አመጣሁት። የፈረንጅ ወፍ ጠባቂ አለኝ። እሱንስ ለምጄዋለሁ። ቀጥሎ ግን፣ ‹እናታችን አንተን ልጄ ለማለት ታፍራለች፣ ለእኔ ነግራኛለች› አለኝ። ገፋሁት። ገደሉ እዚያ መኖሩን ረስቼው ነበር። ስወርድ ትንፋሽ አልነበረውም።»

«አንተም ገነዝኸው።»

«ጅብ ይጮኽ ነበር። እስኪነጋ ድንጋይ ተሸከምሁ። ጸሎት ግን አላውቅም። እሱ ያለ ጸሎት ተኝቶ እኔ ስለ ዳክዬ ሳስተረጉም ላብድ ደረስሁ።»

«አብርሃስ? እሱን ለምን አሳሰርኸው?»

«ስሙን የጠራሁት እኔ አይደለሁም። ከባቡር ስወርድ ተይዞ፣ ሰንሰለቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ‹የደሙ ባለቤት መጣ› ብለው እጄን ያዙኝ። እምቢ ብል ምን እላለሁ?»

«እውነቱን ነዋ!» ባሻ ጮኸ። ጩኸቱ ራሱን አስደነገጠው፤ በዚህ ቤት ድምፁን ካነሣ ዘመን ሆኖታል። «ነገ ይህ ሰው ሊሞት ነበር። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ታድራለች። ለሬሳ የተጨነቅኸውን ያህል ለሕያው ብትጨነቅ ምን ነበረበት?»

አብርሃ ግን አልጮኸም።

«እኔ እኮ አዝኜልህ ነበር» አለው። «ሌሊት ስታለቅስ፣ ወንድሙን ቢወድ ነው እያልሁ።»

ባሻ ሰንሰለቱን ከአብርሃ እጅ ራሱ ፈታ። ዓለምጸሃይ በር ላይ ባሏን ስታይ እልል አላለችም። አንጓውን ይዛ የብረቱን ሰንበር እያሸች ጎን ለጎን ወደ ሰፈራቸው ወረዱ። ሹሙ ጉዳዩን ሰምቶ፣ «እንግዲያ ከሳሽ ተከሳሽ ሆነ» አለና ወደ ሌላ ሥራው ዞረ። ለእናትየው የሚነግር ሰው አልላከም፤ ማን እንደሚሄድ ሁሉም ያውቀዋል።

ባሻ ዳገቱን መልሶ ወጣ። እማማ የሺዓለምን ያቺው ጓዳ አስቀምጦ ነገራቸው። ማን እንደ ገፋው፣ ማን እንደ ገነዘው፣ ፍትሐቱንም ማን እንዳስደረገ ነገራቸው። ፈቀደ በመጨረሻ የተናገረውን ግን ዋጠው። ያንን ለማንም የመንገር ግዴታ አለብኝ ብሎ አላመነም።

አሮጊቷ አልጮኹም። ከውጭ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል።

«እማማ» አለ ባሻ፣ «ከእንግዲህ የደሙ ባለቤት እርስዎ ነዎት። ደም ይሁን፣ ምሕረት ይሁን፣ ችሎቱ የሚጠይቀው እርስዎን ነው።»

«እሱን እንግዲህ ሲጠይቁኝ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ዛሬ በልቷል?»

«አልበላም።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ድንኳኑ ሥር ወጥተው ከተደረደረው እዝን እንጀራና ወጥ እያነሡ አገልግል ውስጥ ማድረግ ጀመሩ። ወሬው በአጥር ዘልሎ ከባሻ በፊት ገብቶ ኖሮ ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዲት ዘመድ ብድግ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«የሺዬ፣ ምን ሆነሻል? ይህ እኮ የእዝን እንጀራ ነው! ለገዳይ ነው የምትወስጂው?»

«አውቃለሁ የእዝን መሆኑን» አሉ እማማ የሺዓለም፣ እጃቸውን ቀስ አድርገው እያስለቀቁ። «እሱም ወንድሙ ሞቶበታል።»

አገልግሉን ከድነው በመቀነታቸው አሰሩት። ሊያነሡት ሲሉ ከበዳቸው። ባሻ ገብረትንሣኤ ከዘራውን በአንድ እጁ፣ አገልግሉን በሌላው ይዞ፣ ከአሮጊቷ ጎን ቁልቁለቱን ቀስ እያለ ወረደ።